አንተ ሰብለ

ዴልፍት፣ ኔዘርላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በኢሜይል)

ለተከበሩ አያ ታምሩ፣

እንዴት ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ነው? እናቴና አምባው ሁሉ ደህና እንደሆኑ ሰምቻለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገና አልጠናም።

ጉዳዬ አጭር ነው። የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ መስከረም ላይ ተመርቄያለሁ። እናቴ ላገኘችው ሁሉ ስለምትናገር እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። እዚህ ሰው ሲመረቅ መንገድ ላሳዩት ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋል። እኔም አንድ ጽሑፍ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አዘጋጅቼ ለአሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኢሜይል ላክሁ። ሁሉም በሦስት ቀን ውስጥ መለሱልኝ።

አሥራ ሁለተኛው መምህር ረጀብ ናቸው። በሰፈራ አምባችን ትምህርት ቤት አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሆሞሻ መግባታቸውን እናቴ ነግራኛለች። ኢሜይል የላቸውም፤ ስለዚህ የእናቴ ያጎት ልጅ መሆንዎን ተማምኜ፣ ለአሥራ አንዱ የላክሁትን ለእርስዎም ልኬዋለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ ያትሙትና ወደ ሆሞሻ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይላኩልኝ። አንድ ገጽ ብቻ ነው።

አክባሪዎ
ሰብለወንጌል


አሶሳ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእጅ ተጽፎ በስልክ ፎቶ የተላከ)

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዶክተር ሰብለወንጌል፣
ባለሽበት

ጉዳዩ፦ መልእክት ማድረሴን ስለማሳወቅ

ከሁሉ በፊት የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ደጃፍሽ ይድረስ። የወጣሽበት በር የምትገቢበት ይሁን። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ ውድነሽም ደህና ናት፤ ዶክተር ማለትን ከተማረች ወዲህ «ልጄ» ማለት ትታለች።

በእጄ መጻፌ አይግረምሽ። ኮምፒውተሩ ለባለጉዳይ ነው፤ ለዘመድ እስክሪብቶ አለ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ከዚህ አልወርድም።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ የላክሽውን አተምሁ። ለሰው አልሰጠሁትም፤ ራሴ በሚኒባስ ሆሞሻ ድረስ ወሰድሁት። መምህር ረጀብ ከቤታቸው ፊት ማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ከዚያ አራቁት። መጀመሪያ ያነበቡት ጽሑፉን አይደለም፣ ከላይ በተርታ የወጣውን የአድራሻ ዝርዝር ነው። በጣታቸው ቆጠሩት።

«አሥራ አንድ ሰው አለ። ታምሩ አለ። ረጀብ የት አለ?» አሉኝ።

መምህር ኢሜይል ስለሌላቸው በእኔ በኩል እንደመጣ አስረዳሁ። «እንዲያ ከሆነ ለታምሩ ነው የጻፈ» አሉ። ወረቀቱን ገልበጥ አደረጉት፤ ጀርባው ባዶ ነበር። «ይሄ ማሽን ነው። ሰብለ የት አለ? የሰብለን እጅ እኔ አውቃለሁ። ወደ ግራ ይወድቃል። ለሰብለ ንገረው፤ በእጁ ይጻፍልኝ። ትንሽም ይሁን» አሉ። አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። አልተቆጡም። መምህር ሲቆጡ ታውቂያለሽ፣ ጠመኔ ይወረውራሉ።

አማርኛቸው ያው ነው። አርባ ዓመት በአማርኛ አስተምረው አንቺንና አንተን ሳይለዩ ጡረታ ወጡ።

እንግዲህ አንድ ወረቀት በእጅሽ ብትጽፊላቸው መልካም ነው እላለሁ። በዚያውም ፊደል የሚያጎላ የእጅ መስታወት እዚያ አገር አይጠፋምና ብትልኪልኝ። ለሥራዬ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ታምሩ


ዴልፍት
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በኢሜይል)

ለተከበሩ አያ ታምሩ፣

ፎቶው ደርሶኛል። እስከ ሆሞሻ ድረስ ስለደከሙልኝ አመሰግናለሁ። ጽሑፍዎ እንደ ድሮው ያምራል።

የአድራሻው ነገር አሳፍሮኛል። ዝርዝሩ አብሮ ይታተማል ብዬ አላሰብሁም።

በእጅ ልጽፍላቸው ሞከርሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አማርኛ በእጄ ከጻፍሁ አሥር ዓመት ሆኖኛል። ሁለት መስመር ስጽፍ ጣቴ ይደክማል፤ ፊደሎቹም የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፋቸው ይመስላሉ። «ጨ»ን ሁለት ጊዜ ፈልጌ ስልኬ ላይ አየሁ። ዶክተር ተብዬ እንዲህ ያለ ወረቀት ለመምህሬ አልልክም። ሥራም በዝቶብኛል፤ እስከ ገና የማቀርበው ሪፖርት አለብኝ።

ስለዚህ ሌላ መላ አስቤያለሁ። ለእሳቸው ብቻ የሚሆን አዲስ ደብዳቤ ከዚህ በታች ጽፌያለሁ። እርስዎ በጥሩ እጅዎ ይገልብጡትና ከእኔ እንደመጣ አድርገው ይስጡልኝ። ትንሽ ወደ ግራ ያጋድሉት። ማታለል እንዳይመስልዎ፤ ቃሉ የራሴ ነው፣ የእርስዎ እጁ ብቻ ነው።

የሚገለብጡት ይህ ነው፦

«ለመምህሬ ለአቶ ረጀብ። እንዴት ሰነበቱ? እኔ ዛሬ የወንዝና የዝናብ ውኃ እየለካሁ የምኖር ሰው ሆኛለሁ። መለካት የጀመርሁት በእርስዎ የቲማቲም ጣሳ ነው። ጣሳውን ግቢው መሐል ቀብረው፣ ያጠራቀመውን ዝናብ በማስመሪያ ለክቼ በየጠዋቱ ደብተር ላይ እንድጽፍ አዘዙኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለሳይንስ ውድድር አንድ ጎበዝ ተማሪ ይላክ የሚል ደብዳቤ ከአሶሳ መጣ። ዳይሬክተሩ ያሰቡት ወንድ ልጅ ነበር። እርስዎ ክፍል ገብተው ‹አንተ ሰብለ፣ ነገ አሶሳ ትሄዳለህ። ጣሳውን ያዝ› አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ‹አንቺ አትችዪም› ብሎኛል። በዚያን ጊዜ ሁሉ የእርስዎ ‹አንተ› ትዝ ይለኛል። እዚህ የደረስሁት በዚያች ቃል ነው። አመሰግንዎታለሁ።»

ይኸው ነው። መስታወቱን ፈልጌ እልካለሁ።

ሰብለወንጌል


አሶሳ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእጅ ተጽፎ በስልክ ፎቶ የተላከ)

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዶክተር ሰብለወንጌል፣

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን ሥራ ስለመፈጸሜ

እንደምን ከረምሽ? ፈጣሪ ከብርዱም ከሰዉም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ማሽላው ገብቷል።

የላክሽውን ደብዳቤ ባለመስመር ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ገልብጫለሁ። እንዳልሽው ወደ ግራ አጋደልሁት። ቀላል ሥራ አልነበረም፤ አንገቴን አዙሬ ነው የጻፍሁ። ለመምህር ክብር ስልም በጽሑፉ ውስጥ የነበሩ ጥቂት ግድፈቶችን አርሜያለሁ። እሑድ ሆሞሻ ወርጄ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ልጃቸውን ሳሊማን ጠርተው አስነበቧት። እሷ ስትጨርስ «እሺ» ብለው ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ አልወጡም። ሳሊማ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። መምህር የገቡት ከደስታ ይመስለኛል። የሽማግሌ ደስታ ዝም ያሰኛል።

መስታወቱን አደራ። ትልቁ ዓይነት ይሁን።

ታምሩ


ዴልፍት
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በኢሜይል)

አያ ታምሩ፣

እንዴት ነዎት?

ምንድን ነው ያረሙት? ቃል በቃል ይንገሩኝ።

ሰብለ


ዴልፍት
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በኢሜይል)

አያ ታምሩ፣

ሦስት ሳምንት ሆነ። እናቴን ጠየቅኋት፤ በየቀኑ ሥራ ገበታዎ ላይ እንዳሉ ነገረችኝ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ሰብለ


አሶሳ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእጅ ተጽፎ በስልክ ፎቶ የተላከ)

ይድረስ ለሰብለ፣

ጉዳዩ፦ ጥያቄሽን ስለመመለስ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጀምሬ ቀደድሁት። ሥራ አልበዛም። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው።

ያረምሁት ይህ ነው። «አንተ ሰብለ፣ ነገ አሶሳ ትሄዳለህ። ጣሳውን ያዝ» የሚለውን «አንቺ ሰብለ፣ ነገ አሶሳ ትሄጃለሽ። ጣሳውን ያዢ» አልሁት። መምህር ናቸው፣ በወረቀት ላይ ተሳስተው አይታዩ ብዬ ነው። ይህን ካረምሁ በኋላ «ክፍሉ ሳቀ» የሚለው ምክንያት አጣ፤ አወጣሁት። «እኔ አልሳቅሁም» የሚለውም አብሮ ወጣ። ከዚያ ስለ «አንተ» የተጻፈው ሁሉ የሚደገፍበት ስላጣ እሱም ወጣ። በምትኩ «ምክርዎ ስንቅ ሆኖኛል» የሚል ጨመርሁ። ለሁሉም ባለጉዳይ የምጨምረው ዐረፍተ ነገር ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሲጻፍ ግን ምንም አልመሰለኝም። ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ሳርም ኖሬያለሁ። የበርታውን፣ የጉሙዙን፣ የሺናሻውን፣ የእኛኑ የወሎዬዎቹንም። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እኔ አስተካክዬ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል። እስካሁን አንድም ሰው «ይህ የእኔ ቃል አይደለም» ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር ሳሊማ ጽሕፈት ቤቴ መጣች። ወንበር ስስብላት አልቀመጥም አለች። የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

ያን ቀን አባቷ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቧት። «እኔ አንቺ አልኩ? መቼ አልኩ?» አሏት። ከዚያ ወረቀቱን ዳሰሱትና «ይሄ የታምሩ እጅ ነው። እጁን እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ዘወር ቢያደርገውም አውቃለሁ። ቃሉ ግን ከሰብለ ነው። ሰብለ ትልቅ ሰው ሆኗል። በኔ አማርኛ አፈረ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አማርኛ አይናገሩም። የድሮ ተማሪ ሊጠይቃቸው ሲመጣ በበርታ ቋንቋ ይመልሳሉ፣ ሳሊማ ታስተረጉማለች። «ወላሂ አያ ታምሩ፣ አባቴ ለአማርኛ አርባ ዓመት ሰጠ፤ አሁን ከቤት አባረረው» አለችኝ።

ሌላም ያልነገርሁሽ ነገር አለ። መስታወቱ ለእኔ አልነበረም። የመምህር ግራ ዓይን ጠፍቷል፤ ግላኮማ ነው ተብለዋል። ቀኙም ጥቂት ነው የሚያየው፤ ሐኪሙ እስከ ክረምቱ ቢቆይ ጥሩ ነው ብሏቸዋል። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር፤ ለአንቺ በተለይ። በእጁ ይጻፍልኝ ያሉትም ለዚህ ነው። ሳያዩት እንዳይቀሩ።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ልጻፍ፤ ወረቀቱም እያለቀ ነው። «መምህር አንተ» የሚለውን የቅጽል ስም ታውቂዋለሽ። በእናንተ ጊዜም ይጠሩበት ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሰባ ሰባት ከወሎ መጥተን አምባው ከተመሠረተ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከኋላ ሆኜ ድምፃቸውን አስመስዬ «አንተ ስርጉት ተነሳ!» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ተንከተከተ። መምህር አልዞሩም፤ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ስሙ ከእኔ ተርፎ ሠላሳ ዓመት ተከተላቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። ዛሬ እንጀራ የምበላበት እጅ የእሳቸው እጅ ነው፤ አንድም ቀን አመሰግናለሁ አላልኋቸውም።

ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሆሞሻ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከማንጎው ሳልደርስ ተመልሻለሁ። አፍሬያለሁ።

ታምሩ


ዴልፍት
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእጅ ተጽፎ ከታሸገ ፖስታ ጋር በሰው የተላከ)

አያ ታምሩ፣

ይህን ወረቀት የምታደርስልኝ ለሥራ ወደ አሶሳ የምትመጣ ባልደረባዬ ናት። አብሮት የታሸገ ፖስታና ትልቁ መስታወት አለ። ሁለቱም የመምህር ናቸው።

መጀመሪያ በጣም ተናድጄብዎ ነበር። ያን ቀን ኢሜይል ብጽፍልዎ ኖሮ ዛሬ ዝምድና አይኖረንም። በእጅ መጻፍ አንድ የሚበጅ ነገር አለው፣ ያዘገያል፤ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ራሴ ላይ ተናደድሁ። «ወደ ግራ ያጋድሉት» ያልሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ቁልፍ አመስግኜ አሥራ ሁለተኛውን በእርስዎ ትከሻ ላይ የጫንሁትም እኔ ነኝ። ሦስት መስመር ቢሆን፣ የልጅ እጅ ቢመስል፣ ጥቅምት ላይ ልጽፍላቸው እችል ነበር። ያኔ ሁለቱም ዓይናቸው ባያይ አንዱ ደህና ያይ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። በጥቁር ፍሎማስተር፣ ፊደሉን እንደ ጣት አሳድጌ ጽፌዋለሁ፤ በአንድ ገጽ ስድስት መስመር ብቻ ነው የሚይዘው። አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ተሳስቼ የሰረዝሁትም አለ፤ አልገለበጥሁትም።

አደራዬ ይህ ነው። ፖስታውን አይክፈቱት። አንብበው አይስጧቸው። የሚችሉትን ያህል እሳቸው ራሳቸው ያንብቡት፤ የቀረውን ሳሊማ። ከዚያ በፊት ግን «ያረምሁት እኔ ነኝ፣ ሰብለ አታውቅም» ብለው ይንገሯቸው። ይህን እኔ ልጽፍልዎ አልችልም፤ በእርስዎ አፍ መነገር አለበት።

እናቴን ይሳሙልኝ። ዶክተር አትበዪኝ ብላለች ይበሏት።

ሰብለ


አሶሳ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእጅ ተጽፎ በስልክ ፎቶ የተላከ)

ይድረስ ለሰብለ፣

የምጽፍበት ጉዳይ ብዙ ስለሆነ «ጉዳዩ» የሚለውን ትቼዋለሁ። ጤናሽን ያብዛልሽ። እናትሽ መልእክቱን ሰምታ «እሺ ዶክተር» ብላለች።

ባልደረባሽ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደረሰች። በማግስቱ ሆሞሻ ሄድሁ። በዚህኛው ጉዞ ማንጎው ደረስሁ። ፖስታውን ከመስጠቴ በፊት ቆሜ ተናገርሁ። ደብዳቤውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሰብለ ስለ «አንተ» የጻፈችውን ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኋቸው። ቆርጬ ያወጣሁትንም በቃሌ አልሁላቸው፤ ለካ ሳላውቀው በቃሌ ይዤዋለሁ። ከዚያ ስለ ስሙም ተናገርሁ።

መምህር ከሰው ጋር በአማርኛ ማውራት ካቆሙ አራት ወራቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «አውቃለሁ። ያን ጊዜም ድምፅህን አውቄ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው «ኸላስ፣ በቃ፣ ተቀመጥ» አሉ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ተቀመጥ ብለውኛል፤ ተቀመጥሁ። አመሰግናለሁ አልኋቸው። ለምኑ እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ፖስታውን ራሳቸው በጥርሳቸው ቀደዱት። ሳሊማ ልታግዝ ስትመጣ በእጃቸው መለሷት። መስታወቱን በቀኝ ዓይናቸው ላይ ደግነው ጀመሩ። አንዱን ገጽ አንብበው እስኪጨርሱ የማንጎው ጥላ ከእግራቸው እስከ ጉልበታቸው ይወጣ ነበር። አምስት ገጽ አነበቡ። ስድስተኛው ላይ ዓይናቸው እንባ ሞላው፤ ከድካም ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ወረቀቱን ለሳሊማ ሰጧትና «ቀስ ብለህ አንብብ» አሏት። እኔ ተነሥቼ ራቅ አልሁ። አደራሽ ስለሆነ የጻፍሽውን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

መልሱን ራሳቸው ነው የጻፉት። አራት ቀን። ሳሊማን ወደ አጠገባቸው አላስጠጉም። አንዳንዱ መስመር በሌላው ላይ ወጥቷል፤ ታገሺ። ዋናውን በፖስታ ቤት ልኬልሻለሁ፤ ፎቶው ደግሞ ከዚህ ጋር አለ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ያስቀኝ የነበረው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። አንድ ፊደል አልነካሁም። እጄ ግን ከልማዱ ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አንሥቷል። ሦስተኛው ላይ ለምን እንዲያ እንደሚጽፉ ገባኝና አስቀመጥሁት።

የእናትሽ ያጎት ልጅ
ታምሩ


(አብሮ የተላከ)

ሆሞሻ

ለሰብለ

ሰላም ነህ? እኔ አልሐምዱሊላህ። ዓይኔ ትንሽ ነው። ስለዚህ አጭር ጻፍኩ።

ደብዳቤህ መጣ። እጅህ ተበላሽቷል። ግን ወደ ግራ ይወድቃል። አንተ ነህ።

አንድ ቦታ ተሳስተሃል። መምህር ሳያውቅ አንተ አለኝ ብለህ ጻፍክ። በኛ ቤት ቋንቋ ወንድ ሴት አንድ ቃል ነው። መጀመሪያ አላወቅኩም፣ እውነት ነው። አራት ዓመት በኋላ አወቅኩ። ልጆች ከሳቁ መምህር ይማራል። አፌ እስከ ዛሬ አንዳንድ ጊዜ እምቢ ይላል። ግን ክፍል ውስጥ አውቄ ነው።

አንድ ጊዜ ሞከርኩ። አንቺ ተነሺ አልኩ። ሴት ልጅ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ መሬት አየ፣ አልመለሰም። በነጋታው አንተ ተነሳ አልኩ። ቶሎ ተነሳ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ መለሰ። ስለዚህ አልቀየርኩም። እነሱ ይሳቁ አልኩ።

ከአሶሳ የመጣው ወረቀት ተማሪው ይላል። ዳይሬክተር ጠራኝ። ረጀብ፣ ተማሪው ማለት ወንድ ነው፣ ወንድ ልጅ ላክ አለኝ። እኔ አማርኛ አላውቅም አልኩት። ሁሉ ሰው አማርኛ አላውቅም ይለኝ ነበር። ያን ቀን እኔም አልኩ። ጠዋት መኪናው አንተን ይዞ ሄደ። ዳይሬክተር ተቆጣ፣ ምን ያደርጋል፣ መምህሩ አማርኛ አያውቅም።

ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ለአንተ ብቻ።

ዝናብ ጀመረ። ጣሳ ቀብሬአለሁ። ሳሊማ ያነባል፣ እኔ በቃል እይዛለሁ። ትላንት አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ስንት ነው? ለካና ጻፍልኝ። በእጅህ።

መምህር አንተ